የማድረቂያን ፊውዝ «ዳይሬክት» ማድረግ ጥገና አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፦

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ የቤት ውስጥ ማሽኖችን እጠግናለሁ። የኤሌክትሪክ ልብስ ማድረቂያ እየዞረ አልሞቅ ሲል፣ አንዳንድ ጠጋኞች የተቃጠለውን የሙቀት ፊውዝ (ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ተቃጥሎ ኃይሉን የሚያቋርጠውን መከላከያ) አውጥተው በምትኩ ሽቦ እያገናኙ፣ ማለትም «ዳይሬክት» እያደረጉ፣ ሒሳባቸውን ተቀብለው እንደሚሄዱ ደጋግሜ ስላየሁ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

በቅድሚያ ስለ ኃይሉ ልናገር። አገር ቤት ለመኖሪያ ቤት 220 ቮልት የሚገባው በአብዛኛው በአንድ መስመር ስለሆነ፣ ማሽኑ ከዞረ ኃይል አለው ብለን መደምደም ለምደናል። የአሜሪካ ማድረቂያ ግን 240 ቮልቱን የሚያገኘው እያንዳንዳቸው 120 ቮልት ከሚይዙ ሁለት መስመሮች ሲሆን፣ ከበሮውን የሚያዞረው ሞተር በአብዛኛው በአንዱ ብቻ ሲሠራ ማሞቂያው ሁለቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ አንደኛው መስመር ቢቋረጥ ከበሮው እንደ ወትሮው ይዞራል፤ ልብሱ ግን እንደረጠበ ይወጣል። ባለቤቱ አስቀድሞ የማድረቂያውን ጥንድ ብሬከር (የኃይል ማቋረጫ)፣ ብዙውን ጊዜ ባለ 30 አምፔሩን፣ ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ መልሶ ያብራው። ዳግመኛ ከወደቀ ግን እየደጋገሙ ማንሳት ስለማይገባ ኤሌክትሪሺያን ይጠራ። መምረጫው ሙቀት በሌለው ዙር ላይ ቆሞ የተጠራሁበት ጊዜም አለ፤ ለዚህ ገንዘብ መቀበል ያሳፍራል።

ኃይሉ ሙሉ ሆኖ ካልሞቀ፣ ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ የማሞቂያው ሽቦና ፊውዙ በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ይለካሉ። ደህና የሆነ ማሞቂያ ብዙውን ጊዜ 10 ኦም አካባቢ ያሳያል፤ የተበጠሰ ከሆነ ይቀየራል፣ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ፊውዙ ተቃጥሎ ከተገኘ ግን ጥያቄው ገና መጀመሩ ነው፤ ምክንያቱም ፊውዝ ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው ሞቃቱ አየር መውጫ አጥቶ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ነው። አየሩን ወደ ውጭ የሚያወጣው ቱቦ ሳይጸዳ አዲስ ፊውዝ ቢገባ ያው ይቃጠላል። በሽቦ ከታለፈ ደግሞ፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ተጣብቆ በቀረ ዕለት ሙቀቱን የሚያቋርጥ ነገር ላይኖር ይችላል። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር ከ2008 እስከ 2010 (እ.ኤ.አ.) ያለውን መረጃ ይዞ ባወጣው ሪፖርት፣ በመኖሪያ ቤቶች በየዓመቱ 2,900 ያህል የልብስ ማድረቂያ ቃጠሎ እንደሚደርስና ቀዳሚው መንስኤ አለማጽዳት እንደሆነ ገልጿል።

በእኛ ቤት ይህ ጉዳይ ይበልጥ ይከብዳል። ጋቢና ነጠላ በእጅ ከተፈተለ ጥጥ ስለሚሠሩ ብናኛቸው ብዙ ነው፤ አንድ ጋቢ ከደረቀ በኋላ ከማጣሪያው ላይ የሚነሳው ነገር ባዘቶ ይመስላል። ማጣሪያው በየዙሩ መጽዳት አለበት። በልብስ ማለስለሻ ወረቀት የሚጠቀሙ ሰዎች ደግሞ ወንፊቱ ላይ ውኃ አፍስሰው ይዩ፤ ውኃው ካላለፈና ከላይ ከቆመ በሳሙና ይታጠብ። ከማጣሪያው ያመለጠው ብናኝ ቱቦው ውስጥ ስለሚከማች፣ ማሽኑ እየሠራ ወደ ውጭ ወጥቶ የመውጫውን ክዳን ማየት ይበጃል፤ ክዳኑ በደንብ ካልተከፈተ ወይም እጅ ላይ የሚሰማው ንፋስ ደካማ ከሆነ መንገዱ ተዘግቷል። ነጩ የፕላስቲክ ቱቦ ካለም ስለሚቀጣጠል በ4 ኢንች የብረት ቱቦ ይተካ።

ተከራዮች የቱቦውን መዘጋት ለቤቱ አስተዳደር በጽሑፍ ያሳውቁ። ጠጋኝ የጠራ ሰው ሁሉ ደግሞ ከመክፈሉ በፊት የተነሳውን ፊውዝና በምትኩ የገባውን አዲሱን እንዲያሳዩት ይጠይቅ፤ በቦታው የገባው ሽቦ ከሆነ ማድረቂያው አልተጠገነምና ይንቀለው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቤት ዕቃ ጥገና ባለሙያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ