የእድራችን ቤት ሰሜናዊ ግድግዳ የሚረጥብበትን ምክንያት ለማወቅ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በቅርብም በሩቅም ያላችሁ የሰፈራችን ልጆች፤

በኮተቤ፣ በየካ ተራራ ግርጌ የሚገኘው የእድራችን ቤት ሰሜናዊ ግድግዳ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ እየራሰ ይገኛል። በ2014 ዓ.ም. አንድ ጊዜ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ጊዜ ልስኑን አስነስተን እንደ አዲስ በሲሚንቶ አስለስነናል። ለሁለቱም ሥራ በድምሩ 61,000 ብር ያወጣን ሲሆን ሁለቱም ልስኖች ዓመት ሳይሞላቸው ተነፋፍተው ተቀርፈዋል። አሁን ወደ እናንተ የመጣነው ለሦስተኛ ልስን አይደለም። ውኃው ከየት እንደሚመጣ በማስረጃ ለማወቅ የሚያስፈልገውን ወጪ እንድታግዙን ነው።

ጉዳቱ ግድግዳው ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ እንታገሥ ነበር። ባለፈው ኅዳር ለአንድ አባላችን ቤተሰብ ለቅሶ ድንኳኑ ሲወጣ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ የተቀመጠው የሸራው ጥቅል እስከ ውስጡ ድረስ ጥቁር የሻጋታ ነጠብጣብ አውጥቶ፣ ሽታው ኀዘንተኞቹ እስከተቀመጡበት ድረስ ይሰማ ነበር። በክረምት የማጠናከሪያ ትምህርት የሚከታተሉት ሕፃናትም የሚቀመጡት በዚሁ ግድግዳ ሥር ነው፤ ሻጋታ አስም ያለበትን ልጅ እንደሚያስነሣበት ደግሞ ወላጆች ሁሉ ታውቁታላችሁ።

የእድሩ ጸሐፊ እንደመሆኔ፣ ጉዳዩን ከጥቅምት ወር ጀምሮ በቅርብ ስከታተል ቆይቻለሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ግድግዳው ላይ የሚታየውን ነጭ ነገር ብዙዎቻችን አመዳይ ነው ስንል ነበር። በዚያ ወቅት ጥርት ባለ ሌሊት የሣሩ ገጽ ከዜሮ ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ሜዳው ላይ አመዳይ መታየቱ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ማለዳ ከግድግዳው በጥፍሬ ፍቄ መዳፌ ላይ ባስቀምጠው፣ ከሣሩ ላይ ያነሣሁት ወዲያውኑ ሲቀልጥ ይህኛው እንደ ዱቄት ደርቆ ቀረ። ጨው ነው። በግድግዳው ውስጥ የሚጓዝ ውኃ ከሲሚንቶውና ከአፈሩ ያሟሟውን ጨው ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ውኃው ሲተን ጨው ገጹ ላይ ይቀራል። ሰሜናዊው ግድግዳ ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ቀጥተኛ ፀሐይ ስለማያገኝ ከሌሎቹ ዘግይቶ መድረቁ አይደንቅም። ሆኖም የፀሐይ እጦት የሚያዘገየው መድረቁን ነው እንጂ ውኃ አያመጣም።

የርጥበቱን ከፍታ በእርሳስ እያሰመርን ቀኑን ጽፈንበታል። ጥቅምት 4 ቀን ከመሬት 62 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ዝናብ ካቆመ ከሁለት ወር በኋላ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን፣ 88 ሴንቲ ሜትር ደርሷል። ቀጥሎም ሁለት የፕላስቲክ ቁራጮች፣ አንዱን ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላውን አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ፣ ዙሪያቸውን በፕላስተር አጥብቀን ግድግዳው ላይ ለሁለት ሌሊት አቆየናቸው። የታችኛው ከግድግዳው በኩል የውኃ ጠብታ ያዘ፤ የላይኛው በሁለቱም ገጹ ደረቅ ነበር። ስለዚህ ውኃው ከጣሪያው በግድግዳው የሚወርድ ሳይሆን ከሥር ወደ ላይ የሚወጣ ነው ማለት ነው። ከቆርቆሮው የሚወርደውንም ጤዛ አልተውነውም። በተሰበረው የአሸንዳ ቱቦ ሥር ያስቀመጥነው ባልዲ በአንድ ሌሊት እስከ ግማሽ ድረስ ሞልቶ ስላገኘነው፣ ቱቦውን አስቀጥለን ውኃውን ከግድግዳው አራቅነው። ከአምስት ሳምንት በኋላ ግን መስመሩ አልወረደም።

እንግዲህ የቀሩት ጥርጣሬዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው፣ ቤታችንን አልፎ ወደ ታች ሰፈር የሚሄደው የተቀበረ የውኃ መስመር ነው። የቤቱን ቧንቧዎች ሁሉ ዘግተን ቆጣሪው ሳይንቀሳቀስ ስላደረ የእኛ መስመር አላፈሰሰም፤ ይህኛው መስመር ግን በእኛ ቆጣሪ ስለማያልፍ በዚህ መንገድ ሊመረመር አይችልም። ሁለተኛው የኮብልስቶን መንገዱ ነው። መንገዱ ሲነጠፍ የተደለደለው አፈር ከቤቱ ውኃ ልክ፣ ማለትም የድንጋይ መሠረቱ አብቅቶ ብሎኬቱ ከሚጀምርበት ደረጃ፣ በላይ ከፍ ብሎ ግድግዳውን ነክቷል፤ በድንጋይ መሠረቱ መቆም የነበረበት የተራራው ርጥበት በአፈሩ በኩል በቀጥታ ወደ ብሎኬቱ ይሻገራል። እኔ በበኩሌ ከሁሉ የማመዝነው ይህንን ነው፤ ዝናብ ካቆመ በኋላ ርጥበቱ ለምን እንደ ጨመረ ግን ለብቻው አያስረዳም። ሦስተኛው የጎረቤታችን የፍሳሽ ጉድጓድ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ ያለ ማስረጃ ብዙ ተወርቷል፤ እባካችሁ ይቅር። ሄደን ስናነጋግራቸው ቅር ሳይላቸው፣ በመጸዳጃ ቤታቸው ጉዳት የሌለው ቀለም ጨምረን ቀለሙ በግድግዳችን ሥር ይወጣ እንደሆነ እንድናይ ፈቅደውልናል።

ሦስቱን መለየት የሚቻለው በቁፋሮ ነው። 14 ሜትር በሚረዝመው ግድግዳ ሥር እስከ መሠረቱ ወለል ድረስ ይቆፈራል። መሠረቱ እንዳይላላ ቁፋሮው ከመሠረቱ ወለል በታች አይወርድም፤ ሁለት ሁለት ሜትር ተቆፍሮ፣ ታይቶ፣ ተመልሶ ከተሞላ በኋላ ነው ወደሚቀጥለው የሚታለፈው። ውኃ በሰፈራችን የሚመጣው በፈረቃ ሌሊት ስለሆነ ጉድጓዱ ከፈረቃው ሌሊት በፊትና በኋላ ይታያል። ውኃ ከተገኘም ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ክሎሪን ከተገኘበት የቧንቧ ውኃ ለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው። ክሎሪን በአፈር ውስጥ ቶሎ ስለሚጠፋ ግን፣ አለመገኘቱ ብቻ መስመሩን ነፃ አያወጣውም።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው 94,500 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 38,000 ብር ለቁፋሮና መልሶ ለመሙላት፣ 30,000 ብር የርጥበት መለኪያ ይዘው ሥራውን ለሚከታተሉት የሕንፃ ባለሙያ፣ 9,500 ብር ለላቦራቶሪ፣ ቀሪው 17,000 ብር የሲሚንቶውን ልስን ለማንሣት ነው። ልስኑ የሚነሣው ርጥበቱን በግድግዳው ውስጥ አፍኖ ወደ ላይ ስለሚገፋው ነው፤ ብሎኬቱም በሚገባ ለመድረቅ ወራት ይፈልጋል። የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ከካዝና 20,000 ብር ስለፈቀደ የምንጠይቃችሁ 74,500 ብር ነው።

ገንዘቡ በእድሩ የባንክ ሒሳብ ወይም በገንዘብ ያዣችን እጅ ብቻ፣ በደረሰኝ ገቢ ይደረጋል። በየሳምንቱ የተሰበሰበውና የወጣው በቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። ምክንያቱ ታውቆ የሚተርፍ ገንዘብ ካለ ለጥገናው ይውላል፤ ጥፋቱ የውኃ መስመሩ ሆኖ ከተገኘ ግን ጥገናው የሚመለከተው አካል ሥራ ስለሆነ፣ የተረፈውን በምን እናውል የሚለውን አባላት በጉባኤ ይወስናሉ። ገንዘብ የማይመቻችሁ በጉልበታችሁ ብትረዱን ከቁፋሮው ወጪ በቀጥታ ይቀነሳል። በተለይ የግንበኝነትና የቧንቧ ሙያ ያላችሁ ልጆቻችን አንድ ቀን እንኳ ብትሰጡን ትልቅ እገዛ ነው።

መዋጮው እስከ እሑድ የካቲት 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ቢጠናቀቅ የበልጉ ዝናብ ሳይጠና ጉድጓዱን ዘግተን፣ ክረምቱ ሳይገባ ግድግዳው የሚደርቅበት ጊዜ እናገኛለን። ዝናብ ከጀመረ በኋላ ከተቆፈረ የትኛው ውኃ ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም። የመጀመሪያው ሁለት ሜትር ቁፋሮ ቅዳሜ ጥር 23 ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ፣ የእርሳሱ መስመር ከፍ ብሎ ከሚታይበት ከምሥራቁ ማዕዘን ይጀመራል። አካፋና ዶማ ያላችሁ ይዛችሁ እንድትመጡ በአክብሮት እንጠይቃለን።

የእድሩ ጸሐፊ፣ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም