ራምፑ ላይ ሞተር አታቁሙ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሐዋሳ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የዶርም ጓደኛዬ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሰው። ሬጅስትራሩ ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም። ስለዚህ ምዝገባ በደረሰ ቁጥር ለሁለት ተሸክመነው እንወጣለን። እሱ «ንጉሥ አደረጋችሁኝ» እያለ ይስቃል። እኔን ግን አያስቀኝም።

ላይብረሪው፣ እውነት ለመናገር፣ ራምፕ (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) አለው። ሰው ሞተሩን የሚያቆመው ግን እዚያው አፉ ላይ ነው! በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል።

ሊፍት ገንዘብ ይጠይቃል፣ ይገባኛል። በምዝገባ ሳምንት አንድ ጠረጴዛ ወደ ምድር ቤት ማውረድስ ምን ይጠይቃል? ጥበቃዎቹም እባካችሁ ሞተሮቹን ዞር አስደርጉልን።

አንድ ተማሪ፣ ከሐዋሳ