ሐኪሙ ብቻውን አይላክ

ለአዘጋጁ፤

ወጪው ተሸፍኖ ውጭ አገር የሚሰጠው የልብ ሕክምና የተግባር ሥልጠና ደግ ነው፤ ግን ቀዶ ሐኪሙ ብቻውን ተምሮ ቢመለስ ደረት አይከፈትም። ከጥቁር አንበሳ ግቢ ሰው ሲላክ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የልብንና የሳንባን ሥራ የሚተካው የልብና ሳንባ ማሽን ባለሙያውና የጽኑ ሕሙማን ነርሷም አብረው ይሂዱ። ማሽኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የደም መርጋትን የሚከላከለው መድኃኒት ሄፓሪን ተሰጥቶ ደሙ ለመርጋት የሚወስደው ጊዜ 480 ሰከንድ መድረሱን የሚያረጋግጠው የማሽኑ ባለሙያ ነው፤ ካልደረሰ ደሙ እዚያው ለደሙ ኦክስጅን በሚሰጠው የማሽኑ ክፍል፣ ኦክስጅን መስጫው ውስጥ ሊረጋ ይችላል።

ጊዜያዊ የሙያ ፈቃድ ያልወጣለት ሠልጣኝ ደግሞ በሽተኛ አይነካም፤ ሦስት ወር ቆሞ አይቶ ይመጣል (ጉብኝት በሉት)። የፈቃዱና የኢንሹራንሱ ክፍያ ከአውሮፕላን ትኬቱ እኩል በጀት ይያዝለት። ኦክስጅን መስጫው ለአንድ በሽተኛ ብቻ የሚያገለግል ዕቃ ነውና፣ የሚለማመዱበት ዓይነት እዚህ የሚገባው መሆኑ አስቀድሞ ይጣራ። የሌላ አምራች ዕቃ ለምዶ የመጣ ሰው ቱቦ ሲያገናኝ ነው የሚቸገረው።

ከጥቁር አንበሳ አካባቢ፣ አዲስ አበባ