ስለ ኢንዶስኮፒ ምርመራ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

«ጨጓራ አለብኝ፣ ኢንዶስኮፒ ልነሳ» ብላችሁ ስትመጡ ቀጠሮ ከመያዛችን በፊት ጥያቄ እናበዛባችኋለን። ምክንያቱን ልታውቁት ይገባል።

ኢንዶስኮፒ ጫፉ ላይ ካሜራና መብራት ባለው ቀጭን ቱቦ የምግብ ቧንቧን፣ ጨጓራንና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ከውስጥ ማየት ነው። ሆኖም ጨጓራቸውን ከሚያቃጥላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ታይተው ቁስለት አይገኝባቸውም። ስለዚህ በዕድሜ ላልገፋና አስጊ ምልክት ለሌለው ሰው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ በሰገራ መርምሮ፣ ከተገኘ ማከም ይቀድማል። ለማያስፈልግ ምርመራ ገንዘባችሁን እንድታወጡ አንፈልግም።

ቀን የማይሰጣቸው ምልክቶች ግን አሉ፦ ምግብ ሲውጡ መተናነቅ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የደም ማነስ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ። በተለይ ከአርሲና ከባሌ በኩል ለምትመጡ፣ በዚያ አካባቢ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት ስለሚታይ እንጀራው አልወርድ ካላችሁ በሾርባና በአጥሚት እየገፋችሁ አትቆዩ። ደም ያስመለሰው ሰው ደግሞ የእኛን ቀጠሮ ሳይጠብቅ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። የጉበት በሽታ ያለበት ሰው የምግብ ቧንቧው ደም ስሮች አብጠው ሊፈነዱ ይችላሉ፤ በኢንዶስኮፒ በላስቲክ ቀለበት ይታሰራሉ።

የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ከፋርማሲ ገዝታችሁ የምትወስዱ ከሆነ ንገሩን። መድኃኒቱ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊያስብል ስለሚችል ከባክቴሪያው ምርመራ 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ 4 ሳምንት አስቀድሞ መቆም አለበት። አስጊ ምልክት ያለበት ግን ይህን ብሎ ኢንዶስኮፒውን አያዘግይ። የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ሳትጠይቁን እንዳታቋርጡ።

ምርመራው ጠዋት ስለሆነ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ምግብ አይበላም፤ ንጹሕ ውኃ ግን ለምርመራው 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል። የዋዜማው በርጫም ይቅርባችሁ። ጫት ጨጓራ ምግቡን ቶሎ ወደ አንጀት እንዳይለቅ ያዘገየዋል፤ የቀረው ምግብ በምርመራው መሐል ወደ ሳንባ ከገባ አደጋው ከባድ ነው። የቃማችሁም ብትሆኑ ሳታፍሩ ንገሩን፣ ሌላ ቀን እንይዝላችኋለን።

ምርመራው ራሱ ብዙውን ጊዜ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። ጉሮሮ በሚረጭ መድኃኒት ይደነዝዛል፤ ማስታገሻም በደም ስር ይሰጣል። ናሙና ሲወሰድ አያምም። ማስታገሻ የወሰደ ሰው በዚያን ቀን መኪናም ባጃጅም መንዳት ስለሌለበት፣ ቤት የሚያደርሳችሁን ቤተሰብ ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
ክሊኒካችሁ፣ ድሬዳዋ