የፋሲካው ሥጋ፣ የሐምሌው ኮሶ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በዓል ሲቃረብ ገጾቻችሁ በበሬ ዋጋ ይሞላሉ። የቅርጫው መደብ ስንት እንደገባ፣ ሰንጋው ከየት እንደመጣ፣ ከአምናው ምን ያህል እንደጨመረ እናነባለን። ከዚያው ሥጋ ጋር ወደ ሆድ ስለሚገባው የኮሶ ትል ግን እምብዛም ሲጻፍ አናይም፤ ከተጻፈም ከበሉ በኋላ ስለሚዋጠው መድኃኒት ነው። የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ ከመብላት በፊት ያለው ነው። ጥሬ ሥጋ አትብሉ እያልን ጉሮሯችንን አናደርቅም፤ የሚሰማን የለም። ጥሬ የሚበላ ሰው ግን ሥጋውን አስቀድሞ ቢያንስ 10 ቀን ፍሪዘር ውስጥ ያቆየው እንላለን። ምክንያቱን እንዘርዝር።

መጀመሪያ ሰው የሚሳሳትበት የቀን ስሌት አለ። ኮሶ እንዳለበት የሚያውቀው ውስጥ ሱሪው ወይም አንሶላው ላይ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚኮማተርና የሚለጠጥ ቁራጭ ሲያገኝ ነው። ወዲያው ባለፈው ሳምንት የበላበትን ሥጋ ቤት ይረግማል። ሥጋ ቤቱ ግን የለበትም። ከሥጋው ጋር የተዋጠው እጭ አንጀት ላይ ተጣብቆ፣ አድጎ፣ ቁራጭ መጣል እስኪጀምር ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። የፋሲካው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ይወጣል። የገናው ደግሞ በመጋቢት፣ ሁዳዴ መሐል ብቅ ይላል፤ ጾመኛውም «ሥጋ አፌ ሳይገባ ይኼው ስንት ጊዜዬ፣ ከየት መጣ?» ብሎ ግራ ይጋባል።

ትሉ ቴኒያ ሳጂናታ ይባላል። ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 12 ሜትር ይረዝማል፤ ራሱ (ጭንቅላቱ) ግን ከ2 ሚሊ ሜትር አያልፍም። በራሱ ላይ ባሉት 4 መጥመጫዎች የትንሹን አንጀት ግድግዳ ይዞ ይቀመጣል። አፍም ሆድም ስለሌለው ሰው የፈጨውን ምግብ በገላው ይመጠዋል። ከራሱ ቀጥሎ ያለው ቀጭን አንገት ነው ዋናው ፋብሪካ። አዳዲስ ቁራጮች የሚወጡት ከዚያ ነው፤ የቀደሙትን ወደ ኋላ እየገፉ ከ1,000 እስከ 2,000 ሆነው ይሰለፋሉ። መጨረሻ ላይ ያሉት እንቁላል ሞልቷቸው አንድ በአንድ እየተበጠሱ ይወጣሉ፤ ሰገራ ሳይጠብቁም በራሳቸው እየተሳቡ የሚወጡበት ጊዜ አለ። አንዷ ቁራጭ እስከ 100,000 የሚደርስ እንቁላል ትይዛለች። ካልታከሙት ትሉ ለዓመታት ይኖራል።

ኮሶ ሰውን እያከሳ ይገድላል የሚባለው የተጋነነ ነው። ብዙው ሰው ከቁራጩ በቀር ምንም አይሰማውም፤ የሚሰማውም ቀለል ያለ የሆድ ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መቀያየር ነው። አንጎል ላይ ይወጣል የሚባለው ደግሞ የዚህ ትል ሥራ አይደለም። ያ የአሳማው ዘመዱ፣ የቴኒያ ሶሊየም፣ ጠባይ ነው፤ የበሬው ኮሶ እንቁላል ሰው ውስጥ ገብቶ በሽታ አያመጣም።

አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ እንደነበር የድሮ ተጓዦች ሳይቀሩ ጽፈዋል። ይህ ልማድ የትሉን ሥነ ሕይወት በትክክል የተከተለ ነው። የኮሶ ዛፍ የሴቴው አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በባዶ ሆድ ሲጠጣ አንጀትን አጥቦ ሜትሮች የሚረዝም ትል ያወርዳል። ራሱና አንገቱ ከቀሩ ግን ፋብሪካው አልተዘጋም፤ በሁለት በሦስት ወሩ ቁራጩ ይመለሳል፣ ሰውየውም ይደግማል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለዛፉ ጽፏል፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ አበባው የአውሮፓ ፋርማሲዎች ዘልቋል። ኮሶ አይሠራም አንልም፤ ይሠራል። ችግሩ ልኩ ነው። የአንዱ ዛፍ አበባ ከሌላው፣ የዘንድሮው ከአምናው ጥንካሬው አይገጥምም፤ ከልክ ያለፈው ዓይን እስከማጥፋት እንደሚያደርስ በሕክምና ተመዝግቧል። ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው።

አሁን ወደ በሬው እንምጣ። በሬ ኮሶ የሚይዘው ከሰው ብቻ ነው። ውሻም ጅብም ይህን ትል አያስተላልፍም። ሜዳ ላይ የተጸዳዳ ሰው የጣለው እንቁላል እርጥብ ሣር ላይ ለወራት ይቆያል። ከብቱ ከሣሩ ጋር ሲውጠው እጩ አንጀቱን ሰንጥቆ በደም ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ እዚያም እስከ 1 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። በ10 ሳምንት ገደማ ሰውን ለመያዝ ይደርሳል። በተለይ የሚመርጠው ብዙ የሚሠራ ጡንቻን ነው፦ ልብ፣ ምላስ፣ የመንጋጋ ሥጋ፣ ድያፍራምና ወርች። ስለዚህ ከብት የሚያደልብ ሰው የበረት ሠራተኛውን አሳክሞ በረቱ አጠገብ መጸዳጃ ቢሠራለት ከማንኛውም ነገር ይበልጣል። በተለይ ጥጆች ከራሳቸው እረኛ ይይዛሉ። ከተማ ውስጥ የመጸዳጃ ፍሳሽ ከሚገባበት ወንዝ ዳር ሣር አጭዶ ማብላትም ያው ነው።

የቄራ ማኅተም ያለበት ሥጋ ነጻ ነው? ካልተመረመረው ይሻላል፤ ዋስትና ግን አይሆንም። መርማሪው መንጋጋውን፣ ምላሱን፣ ልቡንና ወርቹን ሰንጥቆ ያያል። በብዛት የተበከለ በሬ በዚህ ይያዛል፤ በአንድ ሙሉ በሬ ውስጥ አምስት ስድስት ከረጢት ብቻ ሲኖር ግን ቢላዋው ሳይነካቸው ያልፋል። ሰው ለመያዝ አንዷ ትበቃለች። የቅርጫ በሬ ደግሞ ግቢ ውስጥ ስለሚታረድ መርማሪ የሚባል አያየውም። ባለ መደቦቹ ቢያንስ እነዚህን አራት ቦታዎች በጣት ውፍረት እየሰነጠቁ በቀን ብርሃን ይዩ። ሕያው ከረጢት በስስ ልባስ ውስጥ ውሃ ይዞ፣ መሐሉ ላይ ነጭ ነጥብ ይታይበታል፤ የሞተው ቢጫ ሆኖ ቢላዋ ሲነካው አሸዋ አሸዋ ይላል። አንድ እንኳ ከተገኘ ያ በሬ ለወጥ ይሁን፤ ከክትፎና ከቁርጥ ይውጣ። ምንም ካልተገኘ ግን ጥሬውን ለመብላት ፈቃድ ተገኘ ማለት አይደለም። ሥጋው ለክትፎ ከተከተፈ በኋላማ ከረጢቱ ስለሚፈርስ ማንም ሊያየው አይችልም።

ፍሪዘሩስ? ከረጢቱ ውስጥ ያለውን እጭ ለመግደል የሥጋው መሐል ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ቀዝቅዞ ሳይቋረጥ ቢያንስ 10 ቀን መቆየት አለበት። አጥንቱ ወጥቶ በካርቶን የታጨቀ ከሆነ 20 ቀን ይባላል፤ ቅዝቃዜው መሐል እስኪደርስ ጊዜ ስለሚወስድ። ቤት ውስጥ ሥጋውን ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ቁራጭ ከፋፍሎ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ እላይ በላይ ሳይደራረብ ማስገባት ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ሥጋው ድንጋይ ሆኖ ከጠነከረ በኋላ ነው፤ የገባበት ዕለት አይቆጠርም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነገር አለ። ባለ አንድ በር ፍሪጅ ላይኛው ክፍሉ በረዶ ሠራ ማለት በቂ ቀዘቀዘ ማለት አይደለም። በሩ ላይ ያሉትን ኮከቦች ይዩ፦ አንድ ኮከብ ከዜሮ በታች 6፣ ሁለት ኮከብ ከዜሮ በታች 12፣ ሦስት ኮከብ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነው። ባለ አንድ ኮከቡ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሥጋ ቤት ውስጥ ሥጋው የሚሰቀልበት ማቀዝቀዣ ደግሞ ከዜሮ በላይ ነው፤ ሥጋውን ከመበላሸት ያቆየዋል፣ እጩንም እንዲሁ በሕይወት ያቆየዋል። ሌላው የመብራት መጥፋት ነው። በብርጭቆ ውሃ አስገብተው በረዶ ሲሆን ሳንቲም ይጣሉበት። ሳንቲሙ ላዩ ላይ ካለ ደህና፤ ከሰጠመ እርስዎ በሌሉበት ቀልጦ እንደገና ረግቷል ማለት ነው። ያኔ ቆጠራውን መቀጠል ቀርቶ ሥጋው ራሱ ተበላሽቶ እንዳይሆን መጠርጠር ይገባል። ሲወጣም ጠረጴዛ ላይ አይደር፤ ፍሪጁ ታችኛው ክፍል ውስጥ ይፈታ።

ፍሪዘር የገባ ሥጋ ለዛው ይጠፋል የሚሉ አሉ። ለቁርጥ እውነት አላቸው፤ ሲፈታ ውሃ ይለቃል። ለክትፎ ግን ተከትፎ፣ በሚጥሚጣና በቅቤ ታሽቶ ልዩነቱን የሚለየው ጥቂት ሰው ነው። እንዲያውም በከፊል ሳይፈታ ለመክተፍ ይመቻል።

ሚጥሚጣው፣ አዋዜው፣ ሎሚው ትሉን ይገድለዋል ማለት ከንቱ ነው፤ ሥጋው ውስጥ ለተቀበረ ከረጢት አይደርሱም። አረቄም አንጀት ሲደርስ አረቄ ሆኖ አይደርስም። ለብለብ ክትፎም ያው ጥሬ ነው። እጩ የሚሞተው የሥጋው መሐል 60 ዲግሪ ሲሞቅ ነው፤ ለብ ያለ ቅቤ እዚያ አያደርሰውም። የበግና የፍየል ሥጋ ይህን ትል አያስተላልፍም፤ ስለዚህ የበግ ዱለት በኮሶ አይጠረጠርም። በሌላ ግን ይጠረጠራል፦ ሳልሞኔላንና ሌሎች ባክቴሪያዎችን ፍሪዘር አይገድልም። አባ ሰንጋን ፈጽሞ! ሳይታረድ በድንገት የሞተ ከብት ጥሬም ሆነ የበሰለ አይበላም፣ ቆዳውም አይገፈፍ።

መድኃኒቱን በተመለከተ ባጭሩ። ኒክሎሳማይድ ለአዋቂ በአንድ ጊዜ 2 ግራም ነው፤ ይኸውም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ 4 ፍሬ። በደንብ ታኝኮ በጥቂት ውሃ ይዋጣል፤ እንዳለ የዋጠው ሰው መድኃኒቱ ትሉን በሚገባ ሳይነካው ሊያልፍ ይችላል። ፕራዚኳንቴል በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 600 ሚሊ ግራሙ አንድ ፍሬ ይበቃል። የሚጥል በሽታ ያለበትና የአሳማ ሥጋ የሚበላ ሰው ግን ሐኪም ሳያየው ፕራዚኳንቴል አይውሰድ። የልጆችና የነፍሰ ጡሮችም የሐኪም ጉዳይ ነው። ለወስፋት የሚሰጠው አንድ ፍሬ አልቤንዳዞል በኮሶ ላይ አያስተማምንም። «ወሰድኩ፣ አልለቀቀኝም» ከሚሉት ብዙዎቹ የወሰዱት እሱን ነው። ራሱ ወጣ አልወጣ ብሎ ሰገራ መበርበር አያስፈልግም፤ ትሉ ሲሞት ከፊሉ ስለሚፈጭ ራሱ አለመታየቱ ምንም አያረጋግጥም። ማረጋገጫው 3 ወር ቁራጭ ሳይታይ ማለፉ ነው።

ላቦራቶሪ ሲሄዱ ደግሞ ቁራጩን ራሱን ይዘው ይሂዱ፤ ንጹሕ ብልቃጥ ውስጥ፣ ጥቂት ውሃ አድርገው። ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ ሲደርቅ የዱባ ፍሬ ይመስላል። ቀጭን ክር የሚመስለው፣ ሌሊት ልጆችን መቀመጫቸው ላይ የሚያሳክካቸው ሌላ ትል ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ። የሰገራ ምርመራ «ምንም የለም» ቢል አይገርምም፤ ቁራጮቹ እንቁላላቸውን ይዘው ስለሚወጡ ሰገራው ውስጥ ላይገኝ ይችላል። ጠዋት ሳይታጠቡ በፕላስተር ከመቀመጫ ዙሪያ የሚወሰደው ናሙና የተሻለ ያገኘዋል። እንቁላሉ ቢገኝም የበሬው ይሁን የአሳማው በማይክሮስኮፕ አይለይም፤ የሚለየው ቁራጩ ነው። የበሬው ቁራጭ ማሕፀን በየጎኑ ከ12 በላይ ቅርንጫፍ አለው።

ከዝግጅት ክፍሉ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ለበዓል የክትፎ አሠራር ስታትሙ ከቅቤውና ከሚጥሚጣው መጠን በላይ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ፣ «ሥጋው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ቀዝቅዞ ቢያንስ 10 ቀን የቆየ» የሚል ይግባ። የሚወጣውም በዋዜማው ሳይሆን፣ ሥጋውን አስቀድሞ ገዝቶ ለማስገባት ጊዜ እንዲኖር፣ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢሆን እንወዳለን።

ከአክብሮት ጋር
በጥገኛ ትላትል ምርመራ ሙያ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ
አዲስ አበባ