የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደግ ዘመን የትኛው ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

እዚህ ድሬ ስለ ፍርድ ቤት ሲነሳ የማይቀር አንድ አባባል አለ፦ «ፍርድስ በጃንሆይ ጊዜ ቀረ!» በከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ቡና ይዘው የሚጫወቱ አዛውንቶች ይሉታል። ያን ዘመን ያላዩ ወጣቶችም ተቀብለው ይደግሙታል። እኔ በፍርድ ቤት አጥር ሥር ማመልከቻ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። ይህን አባባል አልቀበለውም። ምክንያቴን ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል።

ለጃንሆይ ዘመን የሚገባውን አልነፍገውም። ድሬዳዋ የባቡር ከተማ ናት። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዓረቡ፣ ሕንዱ የኖረባት። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር በተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል የተነሳ ከውጭ ሰው ጋር የተጋጨ ሰው ጉዳዩን የአገሩ ዳኛ ብቻውን አያይለትም ነበር። ቆንስሉ እጁን ያስገባ ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ጠቅላይ የንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤትን አቋቋመ። የውጭ አገር ዳኞች አብረው ቢቀመጡበትም ፍርድ ቤቱ የኢትዮጵያ ነበር። ከዚያ የወንጀለኛ መቅጫው በ1949፣ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎቹ በ1952 ወጡ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የሕግ ፋኩልቲ መጽሔት የፍርድ ቤቱን ውሳኔዎች ማተም ጀመረ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን አዛውንቶቻችን የሚያወድሱት ይህን አይደለም። ዙፋን ችሎትን ነው። አቤት ባዩ መንገድ ላይ ወድቆ፣ ንጉሡ ሰምተው፣ እዚያው ፈርደው የሚባለውን። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከወሰነ በኋላ እንኳ ለንጉሠ ነገሥቱ ችሎት አቤት ማለት ይቻል ነበር። ከላዩ ሌላ ችሎት ያለበት ፍርድ ቤት በምን ሒሳብ ጠቅላይ ይባላል? ንጉሡ ሲራሩ ያገኘኸውን ሲቆጡ ታጣዋለህ። ሌላ ሰው ነገ ተመሳሳይ ጉዳይ ይዞ ቢመጣ ደግሞ ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም። ለእኔ ምሕረት ሌላ፣ ፍርድ ሌላ ነው።

ስለ ደርግ ብዙ አልልም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ወደ 60 የሚሆኑ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ይግባኝ የማይባልበት ልዩ የጦር ፍርድ ቤትም ተቋቋመ። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚል ሕዝብ ያን ዘመን ለውድድር አያቀርበውም።

የእኔ ምርጫ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ያሉት ጥቂት ዓመታት ናቸው። ብዙ ሰው ይገረም ይሆናል። በዚያ ዓመት በወጣው አዋጅ ቁጥር 454 መሠረት፣ የፌዴራል ሰበር ችሎት፣ ማለትም በመጨረሻ ፍርድ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖሩን የሚያየው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ችሎት፣ ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለን ፍርድ ቤት ያስገድዳል ተባለ። ውሳኔዎቹም በቅጽ በቅጽ እየታተሙ ወጡ። ያኔ ነው እኔና መሰሎቼ በእጃችን የምንይዘው ነገር ያገኘነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከገንደ ቆሬ ሰፈር አንዲት እናት በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዘው መጡ። የቤት ሽያጭ ውል ነው። ሦስት ምስክር ፈርሞበታል፣ እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። «እማማ፣ ውልና ማስረጃ ሄደው ነበር?» አልኳቸው። አልሄዱም። ቅጹን ገልጬ፣ ሰበር ችሎት የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723ን እንዴት እንደተረጎመው አነበብኩላቸው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት ካልተደረገ አይጸናም ይላል። እማማ ከፋቸው። ሕግ ባለሙያዎችም በዚህ ውሳኔ ላይ ብዙ ተከራክረዋል። ሆኖም ሴትዮዋ ዓመታት ከመንከራተታቸው በፊት የት እንደቆሙ አወቁ። ልጃቸው ሁለተኛ ቤት ሲገዛ መጀመሪያ የሄደው ውልና ማስረጃ ነው።

በ2000 ዓ.ም. የተሰጠውን የመዝገብ ቁጥር 23632 ውሳኔም አልረሳውም። ወላጅ አባትና ልጁን ያሳደገች አክስት ተከራከሩ። ችሎቱ ሕገ መንግሥቱንና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ ልጁ ከአክስቱ ጋር ይሁን አለ። መለኪያው የአባት መብት ሳይሆን የልጁ ጥቅም ሆነ። ይህን ያደረገው ንጉሥ አይደለም፤ ምክንያቱን ጽፎ የፈረመ ዳኛ ነው።

ያ ዘመን ነውር አልነበረበትም አልልም። በ1997ቱ ምርጫ ጊዜ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አቶ ከማል በድሪ የምርጫ ቦርዱም ሰብሳቢ ነበሩ። ተከራካሪ ፓርቲ ቦርዱን ቢከስ በማን ፊት ነው የሚቆመው? ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣንም በአንቀጽ 83 የተሰጠው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ በቤት፣ በውርስና በልጅ ጉዳይ ጠንክሮ መንግሥት በገባበት ጉዳይ ይለዝብ ነበር። ይህን ጉድለት ስለማውቅ ነው «ደግ» ያልኩት እንጂ «ፍጹም» አላልኩም።

ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በጥቅምት 2011 የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ተስፋዬ ትልቅ ነበር። በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234፣ ቀድሞ የተሰጠ የሰበር ትርጉም የሚለወጠው ከሰባት ባላነሱ ዳኞች ነው ማለቱ ተገቢ ነው። ሕግ በየወሩ አይገለባበጥም። ሆኖም በዚያው አዋጅ በክልል ሰበር ያለቀ ጉዳይ ወደ ፌዴራል ሰበር የሚመጣው የሕዝብ ጥቅምና አገራዊ ፋይዳ ሲኖረው ነው ተባለ። ድሬ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ የእኛ ጉዳይ በፌዴራሉ መስመር ይሄዳል። 55 ኪሎ ሜትር ርቃ በራሷ ክልል ያለችው የሐረር ሰው ግን ያው የቤት ክርክር ቢኖረው በሩ ጠቦበታል። የክልሎች ሥልጣን ይከበር የሚለው ክርክር ይገባኛል፤ ለሐረር ወዳጆቼ ግን አላስደሰተኝም።

ክቡር አዘጋጅ፣ አንድ ነገር እለምናለሁ። ሰባት ዳኞች ተቀምጠው የሕግ ትርጉም በለወጡ ቁጥር ዜናውን ብቻ አትስጡን። ምን ነበር፣ ምን ሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ የሚለውን በቀላል አማርኛ አንድ ዓምድ አድርጋችሁ አውጡልን። ቆርጬ አጥሩ ላይ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ከድሬዳዋ