ለልጄ፦ ስለ ውድድሩ የዋና ልብስ

ውድ ልጄ፣

«ተወዳዳሪዬ ያንን ጠባብና ውድ የውድድር ልብስ ለብሳ እኔ ሳልለብስ ውድድሩ ፍትሐዊ ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። በአፍ ብቻ ተመልሶ የሚያልቅ ጥያቄ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወደድኩ። ሕግ የፈቀደውን መልበስ ማጭበርበር አይደለም። ፍትሕ የሚጓደለው ፍጥነቱ ከዋናተኛዋ መሆኑ ቀርቶ ከልብሱ ሲመጣ ነው፤ ያ ደግሞ በግምት ሳይሆን በመለኪያ የሚታወቅ ነገር ነው።

ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ የዋናተኛ ጉልበት በአብዛኛው የሚያልቀው ውሃውን ሰንጥቆ ለማለፍ ነው። ጠባቡ ልብስ ዳሌና ጭንን አጥብቆ ይይዛል፣ ሥጋው እንዳይርገበገብ ያደርጋል። ጨርቁም ውሃ አይመጥም፤ አዲሱ ላይ ጠብታ ብታሳርፊ ቅጠል ላይ እንዳለ ጤዛ ድቡልቡል ብላ ተንከባልላ ትወርዳለች። ስፌቱ ብዙውን ጊዜ በክር አይደለም፤ ውሃው የሚጋጭበት ጠርዝ እንዳይኖር ተጣብቆ የተሠራ ነው።

እስከዚህ ድረስ ልብሱ ያግዛል እንጂ አይዋኝም። መስመሩ የታለፈው በ2008 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። ስፒዶ የተባለው የዋና ልብስ ፋብሪካ «ኤልዜድአር ሬሰር» የተባለውን ልብስ አወጣ፤ በናሳ የነፋስ መሞከሪያ የተፈተነ ጨርቅ ላይ ፖሊዩሬቴን የሚባል ፕላስቲክ መሰል ነገር ተለጥፎበት ነበር። በዚያው ዓመት ቤጂንግ ኦሊምፒክ ላይ 25 የዓለም ክብረ ወሰኖች ሲሰበሩ 23ቱ በዚህ ልብስ ነበር። በማግስቱ ዓመት ሌሎች ፋብሪካዎች ሙሉ በሙሉ ፖሊዩሬቴን የሆነ ልብስ ይዘው መጡ፤ ሮም ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና በስምንት ቀን ውስጥ 43 ክብረ ወሰን ወደቀ።

ፖሊዩሬቴን ውሃም አየርም አያሳልፍም። በቆዳና በልብሱ መካከል የቀረው አየር ዳሌን ወደ ላይ ያነሳል። እግሩ የሚሰምጥበት ዋናተኛ በዚህ ብዙ ያተርፋል፤ ሰውነቱ ድሮውንም ከፍ ብሎ የሚሄደው ግን ጥቂት ብቻ ይጨመርለታል። የፍትሑን ጉዳይ የሚያከረው ይህ ነው፦ ለሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ብትሰጪ እንኳ ለሁሉም እኩል አይሰጥም። ጀርመናዊው ፓውል ቢደርማን ሮም ላይ 200 ሜትር ነፃ ቀዘፋን በ1:42.00 ጨርሶ አሜሪካዊውን ማይክል ፌልፕስን (1:43.22) አሸነፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሻንጋይ ላይ ሁለቱም በጨርቅ ልብስ ሲዋኙ ፌልፕስ 1:44.79፣ ቢደርማን 1:44.88 ሆኑ። አንዱ በ1.57፣ ሌላው በ2.88 ሰከንድ ዘገዩ ማለት ነው። የልምምድና የዕድሜ ነገር ይኖርበታል፣ ሮም ላይ የለበሱትም አንድ ዓይነት ልብስ አልነበረም፤ ቢሆንም ቢደርማን ራሱ ልብሱ እንደረዳው አልደበቀም።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2010 ጀምሮ የዓለም የዋና ፌዴሬሽን የሆነው ፊና (ዛሬ ወርልድ አኳቲክስ የሚባለው) ሕጉን አጠበቀ። የወንድ ልብስ ከእምብርት እስከ ጉልበት፣ የሴት ከትከሻ እስከ ጉልበት። ዚፕ የለም። ውፍረቱ ከ0.8 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ የማንሳፈፍ ኃይሉ ከ0.5 ኒውተን አያልፍም፣ ይኸውም 50 ግራም ያህል ክብደት ከማንሳት አይበልጥም። ጨርቁ አየር ማሳለፍ አለበት። ሁለት ልብስ ደርቦ መዋኘትም ክልክል ነው፤ አየር የሚያዘው በመደራረብ ጭምር ነውና። ከዚያ በኋላ በ50 ሜትር ገንዳ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን የታየው በጁላይ 2011፣ አሜሪካዊው ራየን ሎክቲ 200 ሜትር ቅይጥን (አራቱን የዋና ዓይነቶች በተራ የሚዋኙበትን) በ1:54.00 ሲዋኝ ነው። እኔን እስካሁን የሚቆረቁረኝ የሮሙ ሰዓት እንደማንኛውም ክብረ ወሰን መዝገብ ላይ መቅረቱ ነው። ለብቻው መጻፍ ነበረበት እላለሁ፤ በጨርቅ የሚዋኙ ልጆች ለዓመታት በፕላስቲክ የተመዘገበ ሰዓት ሲያሳድዱ ኖረዋልና።

አሁን የቀረው ልዩነት የገንዘብ ነው። ውዱ ልብስ ከጥቂት ውድድሮች በኋላ መላላትና ውሃ መምጠጥ ይጀምራል፤ ክሎሪን የላስቲኩን ክር ይበላዋል። ስለዚህ አንዱን መግዛት የቻለ ሁሉ ሁለተኛውን አይችልም። የዩናይትድ ስቴትስ የዋና ፌዴሬሽን ከሴፕቴምበር 2020 ጀምሮ ዕድሜያቸው 12 እና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች፣ ከትልልቅ ሻምፒዮናዎች በቀር፣ ይህን ልብስ እንዳይለብሱ ከልክሏል። መለያውም ግልጽ ነው፦ ስፌቱ የተጣበቀ ከሆነ አይቻልም፤ በሽመና የተሠራና እስከ ጭን ወይም ጉልበት የሚወርድ ከሆነም አይቻልም። እንደ ሹራብ የተሠራና በክር የተሰፋ ግን ይፈቀዳል። እኔም ለአንቺ ዕድሜ የምስማማው በዚህ ነው። ሰውነትሽ ገና እያደገ ነው፤ ዛሬ የሚሆንሽ ከጥቂት ወራት በኋላ አይወጣልሽም። ግድግዳውን ረግጠሽ ስትወጪ ክንዶችሽ ጆሮሽን ካልነኩና አገጭሽ ቀና ካለ ደግሞ የምታጪውን የትኛውም ልብስ አይመልስልሽም። ሕጉ በነፃ፣ በጀርባና በቢራቢሮ ቀዘፋ ከውሃ በታች እስከ 15 ሜትር ይፈቅድልሻል፤ መጀመሪያ እሱን ተጠቀሚበት።

ጊዜው ደርሶ ስትለብሺው እንዲህ አድርጊ። ቆዳሽ ፈጽሞ ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ እግር ላይ ጨርቁ ተጣብቆ ይቀራል። ስስ ፌስታል እግርሽ ላይ አጥልቀሽ እግሩን በላዩ አሳልፊው፣ ከዚያ ፌስታሉን ከታች ሳቢው። መጀመሪያ የጭኑን ክፍል ቦታው አድርሺ፣ ቀጥሎ ዳሌውን፣ መጨረሻ ትከሻውን። በጣትሽ ሥጋ ጥቂት ጥቂቱን ወደ ላይ ግፊ እንጂ በጥፍርሽ አትሳቢ፤ ብዙው ልብስ የሚቀደደው እዚያ ላይ፣ ዳሌው አጠገብ ካለው ስፌት ነው። አዲስ ልብስ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከውድድሩ አምስት ደቂቃ በፊት የጀመረች ልጅ ተጨንቃ ትቀደዋለች። ከወገብሽ በስተኋላ ክፍተት ካለ ሰፍቶሻል፣ ስትዘይ ውሃ ይሞላዋል። እግርሽ ከደነዘዘ ጠቦሻል፣ አውልቂው። ከውድድሩ በኋላ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቂው፤ ሳሙና አይንካው፣ አትጭመቂው፣ ጥላ ቦታ ዘርግተሽ አድርቂው።

ከመግዛታችን በፊት ደግሞ የወርልድ አኳቲክስ የማረጋገጫ ምልክት ልብሱ ላይ መኖሩን አብረን እናያለን።

እናትሽ